ምስልም ይመሰክራል
በጋራ በሚጻፉ ገጾች ላይ ስለ ፎቶግራፍ አዘገጃጀትና አጠቃቀም፤ ለውይይት ከጥናት ክፍል የቀረበ

የማኅበራችን የጥናት ክፍል አባላት፣ የስፖርት አድናቂዎች ስለ ኢትዮጵያ ሯጮች በጋራ በሚያዘጋጁት ዊኪ ላይ መጻፍ ከጀመርን ወዲህ ስለ ጽሑፉ ብዙ ተከራክረናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለማቃናት እስከ እኩለ ሌሊት የተነጋገርንበት ጊዜ አለ። ስለ ፎቶግራፎቹ ግን አንድም ቀን አልተወያየንም። እያንዳንዳችን ያገኘነውን ከኢንተርኔት እያወረድን እንለጥፍ ነበር። ውጤቱም ሳይዘገይ መጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከለጠፍናቸው ምስሎች አብዛኞቹ ባለቤታቸው አይታወቅም ተብለው ተሰረዙ፤ አንዱ ደግሞ «ሐሰተኛ ነው» ተብሎ ከገጹ ተነሣ።

በመጀመሪያ የተሰማን ቁጣ ነበር። የራሳችንን ታሪክ ማን ሊሰርዝብን ይችላል ያልንም ነበርን። ነገሩን ረጋ ብለን ስንመረምረው ግን ጥፋቱ የራሳችን ሆኖ አገኘነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ግለ ሂስ የተገኘ ትምህርት ነው። ዓላማውም ማንም አባል፣ የኮምፒዩተር ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ አንድን ምስል ለጋራ ገጽ ከማቅረቡ በፊት ምን ማድረግ እንዳለበት በግልጽ ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መነሻ፤ የጋራ ገጽ ምንድን ነው?

ዊኪ ማለት ማንም ሰው የሚጽፍበት፣ የሚያርምበትና የሚጨምርበት ገጽ ነው። ከሁሉም የሚታወቀው ዊኪፔዲያ በጃንዩወሪ 2001 ተጀመረ። የምስሎቹ የጋራ ጎተራ የሆነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሴፕቴምበር 2004 ተከፈተ። በዚያው ዓመት አንድን ፊልም፣ ጨዋታ ወይም ስፖርት የሚወዱ ሰዎች የየራሳቸውን ዊኪ የሚያቋቁሙበት፣ ኋላ ዊኪያ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ፋንደም የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ያህል ገጾች አሉት። ይህ በአሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠር ተናጋሪ ሕዝብ እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚቀመጥ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ክብደት አለው። አንባቢው የሚያመሳክርበት ሌላ ብዙ ገጽ የለውምና፣ እኛ የተሳሳትነውን እውነት ብሎ ይዞት ይሄዳል።

በጋራ ገጽ ላይ አንድ መሠረታዊ ሕግ አለ። የለጠፍነው ነገር ከለጠፍንበት ሰዓት ጀምሮ የኛ ብቻ አይደለም። ነገ የማናውቀው ሰው መጥቶ ያርመዋል፣ ወደ ሌላ ቋንቋ ይወስደዋል፣ ለትምህርት ቤት ጽሑፍ ይጠቀምበታል። ስለዚህ የጥሩ ምስል መለኪያው ማማሩ ብቻ አይደለም። ከኛ በኋላ የሚመጣው ሰው እኛን ሳይጠይቅ ሊያጣራውና ሊጠቀምበት መቻሉ ነው። ቀጥሎ የምንዘረዝረው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

2. ምስል ማስረጃ ነው

ብዙዎቻችን ፎቶግራፍን የገጽ ማስዋቢያ አድርገን እናየዋለን። ይህ ስሕተት ነው። ፎቶግራፍ እንደ ጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ይናገራል፤ የሚናገረውም እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል።

አበበ ቢቂላን እንውሰድ። አበበ የማራቶንን ውድድር ሁለት ጊዜ በኦሊምፒክ አሸንፏል፤ መጀመሪያ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሮም፣ ቀጥሎም ኦክቶበር 21 ቀን 1964 በቶኪዮ። ከአባሎቻችን አንዱ ጫማ አድርጎ የሚሮጥ የአበበን ፎቶግራፍ አግኝቶ «አበበ በሮም» ብሎ ለጠፈው። አብዛኞቻችን አይተነው አለፍን። ነገር ግን ምስሉ ራሱ ይመሰክር ነበር። በሮም አበበ በባዶ እግሩ ሮጠ፣ በደረቱ ላይ ያለው ቁጥር 11 ነበር፣ ውድድሩም ያለቀው ከጨለመ በኋላ በቆንስጣንጢኖስ የድል ቅስት አጠገብ ነው። በቶኪዮ ግን ጫማ አድርጓል፣ ቁጥሩ 17 ነው፣ የጨረሰውም በቀን ብርሃን በስታዲየም ውስጥ ነው። እግሩን፣ ቁጥሩንና ብርሃኑን ያየ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስሕተቱን ይደርስበታል። እኛ አላየንም።

ይሁን እንጂ አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ለዚህም ማስረጃው ያው የሮም ውድድር ነው። አበበ ከሁሉ ይበልጥ እንዲጠባበቀው የተነገረው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ቁጥር 26 ይለብሳል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን የሮጠው 185 ቁጥር ለብሶ ነው። አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ ሲፈልግ፣ የሚፈልገው ሰው አጠገቡ ይሮጥ ነበር። ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ይስታል። ስለዚህ ደንባችን ይህ ይሁን፤ የአንድን ፎቶግራፍ ሰው፣ ቦታና ጊዜ ለመወሰን ቢያንስ ሁለት የማይደጋገፉ ምልክቶች ያስፈልጋሉ። አንዱ ከምስሉ ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ፣ ማለት ከጋዜጣ፣ ከውድድሩ መዝገብ ወይም ከፎቶግራፉ ባለቤት ቢሆን ይመረጣል።

በዚህ አጋጣሚ በዛሬው ጊዜ የመጣውን አዲስ ችግር ማንሣት ይገባል። ጥቁርና ነጭ የሆነውን ፎቶግራፍ ማሽን ቀለም ይቀባዋል፤ የደበዘዘውን ፊት አጥርቶ ያወጣዋል፤ ጨርሶ ያልነበረ ሥዕልም ይሠራል። ማሽኑ የሚቀባው ቀለም ግምት ነው። አጥርቶ ያወጣው ፊትም የአበበ ፊት ሳይሆን የማሽኑ ግምት ነው። እንዲህ ያለውን ምስል በታሪክ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ምስክር ያላየውን እንዲናገር ማድረግ ነው። ዋናው ይቀመጥ፣ ቢደበዝዝም ይቀመጥ።

3. የፎቶግራፉ ጀርባ

ሐሰተኛ ነው ተብሎ የተነሣብን ፎቶግራፍ ግን እውነተኛ ነበር። ይህን በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፣ ከሁሉም የበለጠ ያስተማረን እሱ ነውና።

ከጓዶቻችን የአንዱ አባት፣ አበበ ከሮም ተመልሶ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከሕዝቡ መካከል ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ በቤታቸው አልበም ውስጥ ነበር። ጓዳችን ለዕረፍት ሀገር ቤት በሄደ ጊዜ የፎቶግራፉን ፊት በስልኩ አንሥቶ አመጣው። አባቱ «የሃምሳ ሦስት ነው» ብለው ስለ ነበር፣ በዊኪው ላይ በጊዜ ቦታ «1953» ብለን ጻፍን። ጥቂት ቀን ሳይቆይ አንድ አንባቢ «በ1953 አበበ ገና አልታወቀም፣ የሮም ውድድር ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ይህ ፎቶግራፍ ሐሰት ነው» ብሎ አነሣው። አንባቢው ልክ ነበር። አባትየውም ልክ ነበሩ። የተሳሳትነው በመካከላቸው የቆምነው እኛ ነን። የሮም ማራቶን የተሮጠው በኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለት በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። አበበ ሀገሩ ሲገባ 1953 ዓ.ም. ገብቷል። እኛ ግን ቁጥሩን እንዳለ አንሥተን፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳንገልጽ፣ በሌላ አቆጣጠር በሚያነብ መዝገብ ውስጥ ጣልነው።

ስሕተቱን ለማረም ወደ አባትየው ለመደወል ስንነሣ አርፈዋል። አጠገባቸው የቆሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚነግረን ሰው ጠፋ። የጓዳችን እኅት አልበሙን ፈልጋ ፎቶግራፉን ከወረቀቱ ስታላቅቀው ግን በጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘች፤ «አበበ የገባ ዕለት፣ መስከረም 1953 ዓ.ም.» ከሚል ጽሑፍ ቀጥሎ የሦስት ሰዎች ስም ተዘርዝሯል። በጥግ በኩል የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም አለ። የምንፈልገው ሁሉ እዚያ ነበር፤ እኛ ያነሣነው ፊቱን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተሉትን ደንቦች አውጥተናል።

ሀ) የማንኛውም አሮጌ ፎቶግራፍ ፊትም ጀርባም ይነሣ። ጀርባው ባዶ ቢሆንም ባዶ መሆኑ ይመዝገብ።

ለ) ቀን ሲጻፍ አቆጣጠሩ አብሮ ይጻፍ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን አንርሳ። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱን ዓመት መጻፍ፣ ለምሳሌ «1953 ዓ.ም. (1960/61)» ማለት ይገባል።

ሐ) በሕይወት ያለ ባለቤት ይጠየቅ፤ ዛሬውኑ ይጠየቅ። የሰጠው ቃልም ከተናገረበት ቀን ጋር ይጻፍ።

4. የማን ነው?

የተሰረዙብን ምስሎች ጉዳይ ከመብት ጋር የተያያዘ ነው። «ከኢንተርኔት አገኘሁት» ምንጭ አይደለም፤ በመንገድ ላይ አገኘሁት እንደ ማለት ነው። ፎቶግራፍን ያነሣ ሰው በሥራው ላይ መብት አለው። የታተመው ወረቀት በእጃችን መኖሩም መብቱን የኛ አያደርገውም። የምንጠቀምባቸው ምስሎች በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛ፣ ራሳችን ያነሣናቸው። እነዚህ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ፣ በየሀገሩ የሚደረጉ የጎዳና ውድድሮች፣ ሯጮቻችን የሚገኙባቸው ስብሰባዎች ለካሜራችን ክፍት ናቸው። አንድ አባል ያነሣውን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ይለቀዋል። የተለመደው ፈቃድ የአንሺው ስም እስከተጠቀሰና የተሻሻለውም ሥራ በዚያው ፈቃድ እስከተለቀቀ ድረስ ማንም እንዲጠቀምበት የሚፈቅደው ነው። «ለንግድ አይሁን» የሚል ገደብ ያለበትን ምስል ኮመንስ እንደማይቀበል ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው ያነሣቸውና የፈቀዳቸው። የቃል ፈቃድ አይበቃም። ባለቤቱ በጽሑፍ፣ የትኛውን ፈቃድ እንደመረጠ ለይቶ ለኮመንስ የፈቃድ ተቀባዮች መላክ አለበት። ለአንድ ሽማግሌ ይህን ስንጠይቅ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ አስረድተን መሆን አለበት። ማንም ሰው ሊጠቀምበት እንደሚችል ሳይገባው የፈረመ ሰው ፈቀደ አይባልም።

ሦስተኛ፣ የመብት ዘመናቸው ያለፈ። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት፣ የፎቶግራፍ የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው ፎቶግራፉ ከተሠራ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው። የጓዳችን አባት ፎቶግራፍ በዚህ በኩል ዘመኑ አልፎበታል። ኮመንስ ግን ምስሉ በተነሣበት ሀገር ብቻ ሳይሆን በአሜሪካም ነጻ መሆኑን ይጠይቃልና ሁለቱም በየፊናቸው መመርመር አለባቸው። ዘመኑ ቢያልፍም የአንሺውን ወይም የፎቶግራፍ ቤቱን ስም መጥቀስ የክብር ግዴታ ነው።

አራተኛ፣ ባለመብት ያላቸው ሆነው ለትችትና ለማስረጃ ያህል በጠባቡ የሚጠቀሱ። ለምሳሌ ኮን ኢቺካዋ ስለ ቶኪዮው ኦሊምፒክ በ1965 ካወጣው ፊልም አንድ ምስል ወስደን ስለ አበበ አሯሯጥ ማስረዳት እንፈልግ ይሆናል። ኮመንስ ይህን አይቀበልም። ብዙ የአድናቂዎች ዊኪዎች ግን በምክንያት ይቀበላሉ። ምክንያቱ በግልጽ ይጻፍ፤ የፊልሙ ስም፣ ዓመቱና ደቂቃው ይጠቀስ፤ ምስሉም ትንሽ ይሁን። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለእንዲህ ያለው ምስል እንደ ልማድ የሚይዘው መጠን ወደ 100 ሺህ ፒክስል፣ ማለት 320 በ320 ያህል ነው። ነጻ ምስል ሊገኝ በሚችልበት ቦታ ግን በዚህ መንገድ መጠቀም አይገባም።

5. አዘገጃጀት

እዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ጥቂት ነገሮችን በትክክል መሥራት ይበቃል።

አሮጌ ፎቶግራፍ ከተቻለ በስካነር ይነሣ። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ወረቀት በ600 ነጥብ በኢንች ሲነሣ ወደ 2360 በ3540 ፒክስል ይሰጣል፤ ይህ ለማንኛውም ገጽ ይበቃል። ስካነር ከሌለ በመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ አድርጎ ማንሣት ነው።

ምስሉን በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ስንልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ የጠፋውም አይመለስም። ትንሹን ምስል በኋላ ማተለቅ ዝርዝር አይጨምርም፣ ውኃ የበዛበት ወጥ እንደ ማድረግ ነው።

የፋይሉ ዓይነት እንደ ምስሉ ጠባይ ይመረጥ። ለፎቶግራፍ ጄፔግ ይስማማል፤ ነገር ግን ተከፍቶ በታረመና በተቀመጠ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይጠፋበታል። ስለዚህ ዋናው ቅጂ ሳይነካ ተቀምጦ እርማቱ በሌላ ቅጂ ላይ ይሠራ። ለውጤት ሠንጠረዥ፣ ለጽሑፍና ከስክሪን ለሚቀዳ ምስል ፒኤንጂ ይሻላል፣ የፊደሉን ጠርዝ አያበላሽምና። ለካርታና ለንድፍ፣ ለምሳሌ የሮምን ማራቶን መንገድ ለማሳየት፣ ቢያተልቁት የማይደበዝዘው ኤስቪጂ ይመረጣል። በእንዲህ ያለው ካርታ ላይ በግዕዝ ፊደል የምንጽፈው ስም፣ ፊደሉ በአገልጋዩ ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ከለጠፍን በኋላ በሌላ ሰው ስልክ ከፍተን ማየት የግድ ነው።

በመከርከም ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠርዝ ላይ ያለውን ጣት ወይም የጠረጴዛ ጨርቅ መቁረጥ ተገቢ ነው። ትርጉም መቁረጥ ግን አይገባም። በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትርን ውድድር አሸንፋ በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪቃዊት ሆነች። ከዚያም ሁለተኛ ከወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪቃዊት ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪቃ በአፓርታይድ ምክንያት ከኦሊምፒክ ታግዳ ቆይታ የተመለሰችው በዚያ ውድድር ነበር። ከዚህ ምስል ማየርን ቆርጦ ደራርቱን ብቻ ማስቀረት ምስሉን ማሳመር ሊመስል ይችላል፤ የሚቆረጠው ግን የዚያን ቀን ታሪክ ነው።

6. ስም፣ መግለጫና ቦታ

የፋይሉ ስም ካሜራው የሰጠው የቁጥር ጋጋታ አይሁን። ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ይያዝ። የሰው ስም በኢትዮጵያ ልማድ በራሱ ስም ይመደብ፤ አበበ በ«አ» እንጂ በአባቱ ስም በ«ቢ» አይፈለግም።

ከሥዕሉ ግርጌ የሚጻፈው መግለጫ አጭር ይሁን። «አበበ ቢቂላ» ማለት አይበቃም፤ «ጀግናው አበበ ዓለምን ሲያስደንቅ» ማለት ደግሞ ይበዛል። «አበበ ቢቂላ (ቁጥር 11) በሮም ማራቶን፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960» ቢባል አንባቢው የሚያየውን ያውቃል፣ ቁጥሩንም ራሱ ያመሳክራል። ምስሉ ለማያዩ ሰዎች በድምፅ የሚነበበው ገለጻም አይዘለል። እዚያ የሚጻፈው ታሪኩ ሳይሆን የሚታየው ነው፤ «አንድ ሯጭ በባዶ እግሩ በጨለማ በአስፋልት ላይ ይሮጣል» እንደ ማለት።

ስለ ብዛት፣ በአንድ ክፍል አንድ ምስል ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ እሱም ስለሱ ከሚናገረው አንቀጽ አጠገብ ይቀመጥ። ወደ ጎተራው የሚገባው ምስል ሙሉ መጠኑን የያዘ ይሁን፤ በገጹ ላይ የሚታየው ግን ትንሹ ነው፣ ዊኪው ራሱ አሳንሶ ያቀርበዋል። ይህን ሳናውቅ በገጹ ላይ ትልልቅ ምስሎችን ስንደረድር ነበር። እዚህ በዩኒቨርሲቲው መስመር ላይ በቅጽበት ይከፈታል። ሀገር ቤት በስልክ ካርድ የሚያነብ ተማሪ ግን ለያንዳንዱ ሜጋባይት ይከፍላል። ለማን እንደምንጽፍ ብናስታውስ ይህ ስሕተት አይሠራም ነበር።

በመጨረሻም ስለ ደኅንነት። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በስደት ወይም በሥራ ፈቃድ ችግር ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን በሚገኙበት ስብሰባ ወይም ሩጫ ያነሣነውን ከመልቀቃችን በፊት የቦታውን ምልክት እናጥፋ፤ የሚታዩትንም ሰዎች እናስፈቅድ። አንድ ጊዜ በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ምስል ተመልሶ አይሰበሰብም።

7. ማጠቃለያ

የጓዳችን አባት ፎቶግራፍ አሁን ወደ ገጹ ተመልሷል። ፊቱም ጀርባውም አለ፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፏል፤ የሦስቱ ሰዎች ስምና የፎቶግራፍ ቤቱ ማኅተም ተመዝግቧል። ሐሰት ነው ብሎ ያነሣው አንባቢ ጀርባውን ካየ በኋላ ራሱ መልሶ አስቀመጠው። እኛን አያውቀንም፣ እኛም አናውቀውም። ያስማማን በአግባቡ የቀረበው ማስረጃ ነው። የጋራ ሥራ ማለትም ይህ ይመስለናል።

በየቤታችን አልበም ውስጥ ያሉት ፎቶግራፎች ጥቂት አይደሉም። ስለ እነሱ የሚነግሩን ሰዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ የጥናት ክፍሉ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ስብሰባ ያቀርባል።

ሀ) እያንዳንዱ አባል በቤተሰቡ ዘንድ ስንት ፎቶግራፍ እንዳለና ጀርባው የተጻፈበት ስንት እንደሆነ ጠይቆ ይምጣ።

ለ) እስከ ዛሬ ከለጠፍናቸው ምስሎች ምንጩን ልናስረዳ የማንችለው የትኛው ነው? ሌላ ሰው ሳይደርስበት እኛው እንዴት እናንሣው?

ሐ) አንድ ባለቤት ፎቶግራፉ በገጹ ላይ እንዲታይ ፈቅዶ ማንም እንዲጠቀምበት ግን ባይፈቅድ ምን እናደርጋለን?

መ) በዚህ ዓመት ለዕረፍት ሀገር ቤት የሚሄዱ አባላት ስካነር ይዘው መሄድ የሚችሉበት መንገድ አለ ወይ?